ሰላጣና ቆስጣ በመብራት ብቻ፦ ቅጠሉ ለምን ቀጠነ?

ጠያቂ፦ የአቶቴ ጓሮ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ለአራት ዓመታት በግቢያችን ጓሮ ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች እያበቀልሁ ሐይቅ ዳር ላሉ ሁለት ምግብ ቤቶች ሳስረክብ ቆይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ግን በስተምሥራቅ ከአጥራችን ተለጥፎ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ተሠራ፤ በስተምዕራብ ደግሞ አከራያችን ቅርንጫፉ እንዲነካ እንኳ የማይፈቅዱት ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ስለዚህ መደቦቼ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኙት ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ ሆነ። ይህ አይበቃም ብዬ ባዶ የነበረውን ሰርቪስ ክፍል አጸዳሁና በመብራት ማሳደግ ጀመርሁ።

ያሠራሁት የብረት መደርደሪያ ሦስት ደርብ አለው፤ እያንዳንዱ ደርብ 1.2 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። በታችኛውና በመካከለኛው ደርብ ፍሎረሰንት የሚመስለውን ባለ 18 ዋት ረጅም ነጭ ኤልኢዲ ሁለት ሁለት ሰቅያለሁ፤ ከቅጠሉ እስከ መብራቱ ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በላይኛው ደርብ ላይ ደግሞ ካርቶኑ «1,000 ዋት የዕፅዋት መብራት» የሚል ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጥ መብራት አለ፤ ከሁሉም ውድ የሆነብኝ እርሱ ነው። መብራቶቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይበራሉ።

ውጤቱ ግን አሳዛኝ ነው። በነጩ ብርሃን ሥር ያለው ሰላጣ አንገቱ ተመዞ ቀጥኗል፤ ውኃ ሳጠጣው በጎኑ ይተኛል፤ ከተዛወረ 40 ቀን ሆኖት ገና አንዱ እግር መዳፌን አይሞላም። በወይን ጠጁ ሥር ያለው አልተመዘዘም፤ ሆኖም ደንድኖና ጠቁሮ በቦታው ቀርቷል። ስፒናቹን ይበልጥ እንዲያድግ ብዬ ሌሊቱንም ጭምር 24 ሰዓት ባበራለት በሦስተኛው ሳምንት መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ግንድ አውጥቶ ወደ አበባ ሄደ። ቅጠሉ የገረጣው ናይትሮጅን አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርሁ፤ ትንሽ ከመወየቡ በቀር የለወጠው ነገር የለም። በስልኬ የብርሃን መለኪያ ቅጠሉ አጠገብ ስለካ ወደ 3,000 ሉክስ ያሳየኛል፤ ለዓይኔ ክፍሉ ከሳሎናችን እጅግ የበለጠ ብሩህ ነው። ችግሩ የመብራቱ ቀለም ነው? ሌላ ዓይነት አምፖል ልግዛ?

መልስ፦ የጡረታ መምህር

ጥያቄዎን ከነልኬቱ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው «መብራት አደረግሁለት፣ አላደገም» ብሎ ብቻ ስለሚተወው መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። የእርስዎ ችግር በመጀመሪያ ደረጃ የቀለም አይደለም፤ የመጠን ነው። ገንዘብ ጨምረው ሌላ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ይህን በቁጥር እንየው።

ዓይናችን በዚህ ጉዳይ መጥፎ ምስክር ነው። በቤት ውስጥ 300 ሉክስ ሲበራ ደማቅ ነው እንላለን፤ ሐዋሳ ላይ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ውጭ ያለው ብርሃን ግን 100,000 ሉክስ ይደርሳል፣ ያልፋልም። የዓይናችን ብሌን ሰፍቶና ጠብቦ፣ የዓይናችን ውስጥም ከብርሃኑ ጋር ተላምዶ ልዩነቱን ስለሚያቻችለው ሦስት መቶ እጥፍ መሆኑን አንረዳውም። ቅጠል ግን ብሌን የለውም፤ የደረሰውን የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን የሚባለውን፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው የሚሠራበት። ሉክስ ደግሞ የተሠራው ለሰው ዓይን ስለሆነ ለቅጠል የሚያገለግለው መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ የሚያርፈው የፎቶን ብዛት ነው፤ በማይክሮሞል ይቆጠራል። ለነጭ ኤልኢዲ ሉክሱን ለ70 ማካፈል ግምቱን ይሰጠናል፤ ለፀሐይ ደግሞ ለ54 ይካፈላል። እንግዲህ የእርስዎ 3,000 ሉክስ 43 ማይክሮሞል ገደማ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የቀኑን ድምር እናስላ። 43 ማይክሮሞል በሰከንድ፣ ለ12 ሰዓት ሲበራ በቀን ከ2 ሞል በታች ይሆናል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። ሰላጣ ደህና አድርጎ ለማደግ በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል ይፈልጋል። ስለዚህ እርስዎ ሰላጣውን ከሚፈልገው አንድ ስድስተኛ ብቻ እየመገቡ ለ40 ቀን በሕይወት ማቆየትዎ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። አንገቱ የተመዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርሃን ያነሰው ተክል በጥላ ሥር እንደተያዘ ቆጥሮ ያለውን ጥቂት ስንቅ በቅጠል ፋንታ ግንዱን ለማስረዘም ያውለዋል።

የዩሪያውን ነገር አጥብቄ እንዲተዉት እመክራለሁ። ተክሉ ከሥሩ የመጠጠውን ናይትሬት ወደ ፕሮቲን የሚቀይረው ከብርሃን ባገኘው ጉልበት ነው። ብርሃን ሲያንስ ናይትሬቱ ሳይሠራበት ቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል፤ ሰላጣና ስፒናች ደግሞ ከቅጠላ ቅጠሎች ሁሉ በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ናቸው። በጨለማ ቤት ዩሪያ መጨመር ጠግቦ ለተኛ ሰው ሌላ እንጀራ እንደማቅረብ ነው፤ ለተመጋቢውም አይበጅም።

ስፒናቹ ያበበው ደግሞ ሌሊቱን በማብራትዎ ነው። ስፒናች የቀን ርዝመት የሚቆጥር ተክል ነው፤ እንደ ዝርያው ይለያያል እንጂ ብርሃኑ በቀን ከ13 እና ከ14 ሰዓት ሲያልፍ በጋ ደረሰ ብሎ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ ዘር ይሄዳል። እኛ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ስለራቅን የሐዋሳ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ጓሮዎ ውስጥ ይህ ገጥሞዎት አያውቅም። ለስፒናች ከ12 ሰዓት አያሳልፉ። ሰላጣ እስከ 16 ሰዓት ይታገሣል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ግን እርሱም ያብባል።

ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የፈለግሁት ስለ ጓሮዎ ነው። «ሦስት ሰዓት ፀሐይ አይበቃም» ብለዋል። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ያለው ፀሐይ እኮ የቀኑ ቁንጮ ነው፤ በጠራ ቀን በአማካይ 1,500 ማይክሮሞል ብንይዝ፣ ሦስቱ ሰዓት ብቻ 16 ሞል ይሰጣል። የሰርቪስ ክፍልዎ መብራት ይህን ለማድረስ ከስምንት ቀን በላይ መብራት አለበት። እርስዎ በነፃ የሚመጣውን ጥለው በቆጣሪ የሚገዛውን መርጠዋል።

መልስ፦ ላስቲክ ቤት አዳማ

የመምህሩ ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይነሣ መቅረት የለበትም። ቅጠል በአንድ ጊዜ የሚውጠው ብርሃን ወሰን አለው። የሰላጣ ቅጠል ብርሃኑ ሲጨምር የብርሃን አስተጻምሮው፣ ማለትም በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት፣ ፍጥነት መጀመሪያ በእኩል ይጨምራል፤ ከ600 ማይክሮሞል ወዲያ ግን ጭማሪው እየቀነሰ ይሄዳል፤ 1,500 ሲደርስ አብዛኛው ብርሃን ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። ስለዚህ በሦስት ሰዓት የወረደ 16 ሞል፣ በአሥራ ስድስት ሰዓት ተዘርግቶ ከተሰጠ 16 ሞል ጋር እኩል ሥራ አይሠራም። እኔ አዳማ ላይ ፀሐዩን የምቀንስበት 50 በመቶ የሚያጠላ ሼድ ኔት አለኝ፤ እርስዎ ግን ፀሐዩ አጭር ስለሆነ 30 በመቶ የሚያጠላው ይበቃዎታል። ደግሞም ፀሐይ ቀጥታ በማይመታበት ሰዓት ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ዜሮ አይደለም። ከሕንፃው ጥላ ሥር ሆነው በስልክዎ ቢለኩ 10,000 ሉክስ ቢያገኙ አልደነቅም፤ ይህ ከመደርደሪያዎ ሦስት እጥፍ ነው። ግድግዳውን በኖራ ነጭ ቢቀቡት ደግሞ ይጨምራል።

መልስ፦ የጡረታ መምህር

ማስተካከያውን ተቀብያለሁ፤ ድምሩን ብቻ አይቼ ቅጠሉ የሚውጥበትን ፍጥነት ዘንግቼዋለሁ። ድምዳሜው ግን ወደ ጓሮው መመለሱ ነው።

መልስ፦ ታቦር ኤሌክትሪክ

ስለ ወይን ጠጁ መብራት እኔ ልመልስ፤ ይህን ዓይነት መብራት በሥራዬ ብዙ ጊዜ ፈትቻለሁ። ካርቶኑ ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ የተጻፈው የሚበላው ኃይል አይደለም፤ «ከድሮው የዚህን ያህል ዋት መብራት ጋር ይስተካከላል» የሚል የሻጭ ቋንቋ ነው። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት በቤቱ ያለውን ሁሉ፣ ፍሪጁን ጭምር፣ ይንቀሉና እርሱን ብቻ አብርተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ። እውነት 1,000 ዋት ቢሆን 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል።

ቀለሙን በተመለከተ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ለተክል ይበቃል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኪት ማክሪ የተባለ ተመራማሪ የ22 ዓይነት ሰብል ቅጠል ለየቀለሙ ምን ያህል እንደሚሠራ ለክቶ ነበር፤ ቀይ ከሁሉም በልጦ ተገኘ፣ ሰማያዊው ከእርሱ አነሰ፣ ለተክል አይጠቅምም ይባል የነበረው አረንጓዴ ደግሞ ሰዎች ከገመቱት እጅግ የተሻለ ሆነ። ቀይና ሰማያዊ በቅጠሉ የላይኛው ክፍል ላይ በብዛት ተውጠው ሲቀሩ፣ አረንጓዴው ወደ ውስጠኛውና ወደ ታችኛው ቅጠል ዘልቆ ይገባል። ሰማያዊ በባሕርይው ግንድን ያሳጥራል፣ ቅጠልን ያወፍራል፣ ቀይ የሰላጣ ዝርያዎችን ደግሞ ያቀላል። የላይኛው ደርብዎ ሰላጣ ያልተመዘዘው ሰማያዊው ይዞት ነው፤ ያላደገው ግን ብርሃኑ በመጠን ስላነሰ ነው። ሰማያዊ የብርሃን ረሃብን ምልክት ይደብቃል እንጂ ረሃቡን አያስታግሥም። በነገራችን ላይ የስልክ መለኪያ በዚህ መብራት ሥር አይታመንም፤ ለሰው ዓይን የተሠራ በመሆኑ ቀይና ሰማያዊን አሳንሶ ነው የሚያነበው።

ነጩን መብራት የሚያቆዩት ከሆነ፣ መጀመሪያ ገንዘብ የማያወጣውን ያድርጉ፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ያውርዱት፣ የመደርደሪያውን ጎንና ጀርባ በነጭ ቺፑድ ይክደኑ። አሁን ከብርሃኑ ብዙው ግድግዳና ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በአንድ ደርብ ሁለት የነበረውን ስድስት ቢያደርሱት ከ150 ማይክሮሞል በላይ ያገኛሉ። ሒሳቡን ግን ይወቁት፤ ስድስት ባለ 18 ዋት በ16 ሰዓት በቀን 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር ከ50 ያልፋል፣ ይህም ለአንድ ደርብ ብቻ ነው። በቆጣሪዎ ታሪፍ አባዝተው ምግብ ቤቶቹ ለአንድ እግር ሰላጣ ከሚከፍሉት ጋር ያስተያዩት። እኔ መብራት እየሸጥሁ ይህን መናገሬ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ነፃ ፀሐይ ባለበት አገር ሰላጣን እስከ ማዕድ በመብራት ማድረስ አያዋጣም።

መልስ፦ ችግኝ ሻጯ

ወንድሜ፣ እኔ ከመናኸሪያ ወዲህ በትንሽ ቦታ ችግኝ አፈላለሁ፤ መብራት የሚያዋጣው ለዚሁ ብቻ መሆኑን በራሴ ኪሳራ ተምሬያለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ የሰላጣ ችግኝ እስኪዛወር ድረስ የሚፈልገው ቦታ አራት ጣት በአራት ጣት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ እርስዎ 18 እግር በማይበቃው ደርብ ላይ እኔ ከሁለት መቶ በላይ ችግኝ አሳድጋለሁ። ያው መብራት፣ ያው ቆጣሪ፣ ክፍያው ግን ለሁለት መቶ ይካፈላል። በ16 ሰዓት ብርሃን፣ 150 ማይክሮሞል ገደማ ሲያገኝ፣ በሦስት ሳምንት አካባቢ ለመዛወር ይደርሳል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድና ዝናቡ ለጋ ችግኝ ሲጥል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

አልጠየቁም እንጂ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሰላጣ ዘር ለመብቀል ራሱ ብርሃን ይፈልጋል። ይህ የጥንት ሴቶች ብልሃት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ሃሪ ቦርትዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ የተባሉ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች የሰላጣን ዘር በቀይ ብርሃን ሲያበቅሉት፣ ወዲያው ከቀይ ወዲያ ባለው ዓይን በማያየው ብርሃን መልሰው ሲያስተኙት፣ እንደገና በቀይ ሲያነቁት፣ ብርሃን ዘርን እንደሚያነቃና እንደሚያስተኛ ዓለም የተማረው ከዚሁ ትንሽ ዘር ነው። ስለዚህ ዘሩን በጣት ቀብረው አይድፈኑት፤ በአፈሩ ላይ በትነው በእጅዎ ጫን ያድርጉት፣ ጥሩ አፈር በስሱ ከነሰነሱበት ይበቃዋል። ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ክፍሉ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይተኛል፤ ትሪውን ለሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ወለል ላይ አውርዱት።

መብራቱን ዝቅ ሲያደርጉ ትንሽ ፋን ይግዙ። ብርሃን በዝቶ አየር ሲረጋ ሰላጣው ፈጥኖ ያድግና መሐሉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ጫፉ ይጠቁራል፤ በሽታ መስሎኝ ስንት ጊዜ መድኃኒት ረጭቼ ነበር፤ ለካስ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ካልሲየሙ እስከ ጫፉ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ካዩት ፋኑ በቂ ነው፤ ወረቀት የሚያበር ማዕበል አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አይረበሹ፤ ግማሽ ቀን ቢያልፈው ችግኝ አይሞትም። የሚጎዳው መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ሲወራጭ ነው፤ እኔ ሁለት መብራት የተቃጠለብኝ እንደዚያ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በስቴቢላይዘር በኩል ካልሆነ አልሰካም።

ከክፍል ወደ ጓሮ ሲያወጡትም በአንድ ቀን አያውጡት። መጀመሪያ ሁለት ቀን ከአቮካዶው ሥር፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ከ5 ሰዓቱ ፀሐይ ግማሹን፣ ከዚያ ሙሉውን። በ150 ማይክሮሞል ያደገ ቅጠል በድንገት 1,500 ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ጠያቂ፦ የአቶቴ ጓሮ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆጣሪውን ፈተና በዚያው ሌሊት አደረግሁት፤ «1,000 ዋቱ» በ10 ሰዓት የቆጠረው 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 60 ዋት ማለት ነው። ወደ ሱቁ ብመለስ ባለሱቁ ስቆ «ካርቶኑን እኛ አልጻፍነውም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት አልፏል። ነጮቹን መብራቶች ሁሉ ወደ አንድ ደርብ ሰብስቤ፣ ሁለት ጨምሬ ስድስት አደረግኋቸው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሰቅዬ ጎኑን በነጭ ቺፑድ ስከድነው የስልኬ መለኪያ 12,000 ሉክስ አሳየኝ። ሁለቱን ደርቦች ባዶ ትቼአቸዋለሁ። አዲሱ የሰላጣ ችግኝ በ20 ቀኑ አምስት ቅጠል አውጥቶ፣ አንገቱ ከአፈሩ ሳይነሣ ተቀምጧል። እንደተመከርሁት በአራት ቀን አለማመድሁትና 30 በመቶ የሚያጠላ ሼድ ኔት ሥር ተከልሁት፤ የአጥሩንም ግንብ ኖራ ቀባሁት። አሁን በተዛወረ በሁለት ሳምንቱ፣ በመደርደሪያው ላይ 40 ቀን ከቆየው ይበልጣል። ቆስጣው ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቷል፤ ለካስ ጥላውን ይችለው ኖሯል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከአቮካዶው ጠርዝ በኩል ያለው ረድፍ ሰላጣ ቅጠሉ ከሌላው ይልቅ ሰፊና ልስልስ ሆኗል፤ ልቡ ግን አይጠቀለልም። ይህ ደግሞ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ የጡረታ መምህር

ከዛፉ ቅጠል ተጣርቶ የሚወርደው ብርሃን ቀዩ ተመጦለት፣ ከቀይ ወዲያ ያለው የቀረበት ነው፤ እህታችን ከላይ ዘሩን ያስተኛል ያሉት ያ ብርሃን መሆኑ ነው። ሰላጣው በሌላ ተክል ጥላ ሥር መሆኑን የሚያውቀው በእርሱ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉን አስፍቶ ብርሃን ፍለጋ ይዘረጋል፣ ልቡንም አይሰበስብም። ምግብ ቤቶቹ በቅጠል የሚወስዱዎት ከሆነ እንዲያውም ይወዱታል፤ በእግር የሚቆጥሩ ከሆነ ግን ያን ረድፍ ለቆስጣው ይስጡትና ሰላጣውን ኖራ ወደተቀባው ግንብ ያስጠጉት።